የዕፅዋት ሳይንስ ልምረጥ ወይስ ሌላ ልፈልግ? መስኩን የምታውቁ ምከሩኝ

ጥቅምት_አበባ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ምደባዬ ግብርና ኮሌጅ ሆኗል፤ በቅርቡ የትምህርት ክፍል ምርጫ እንሞላለን። ከቀረቡልን ውስጥ የዕፅዋት ሳይንስ፣ ሆርቲካልቸር (የአትክልት፣ የፍራፍሬና የአበባ ልማት)፣ የእንስሳት ሳይንስ፣ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ እና የግብርና ኢኮኖሚክስ ይገኙበታል። እኔን የሚስበኝ የመጀመሪያው ነው።

ያደግሁት ምንጃር ነው። አባቴ ጤፍና ሽምብራ ያመርታል። አንድ ዓመት ሽምብራችን እያበበ ሳለ በየቦታው ቀጥ ብሎ ደረቀ። አባቴ የደረቀውን ነቅሎ ሥሩን እያገላበጠ ሲያይ ምን እንደነካው የሚነግረው ሰው አልነበረም። ከዚያ ጀምሮ ነገሩን ማወቅ እፈልጋለሁ።

እናቴ ግን በፍጹም አልተዋጠላትም። «ከማሳ እንድትወጪ ነው ያስተማርንሽ፤ ዲግሪ ይዘሽ ተመልሰሽ ማሳ ልትገቢ ነው?» ትላለች። ጓደኞቼም ሥራ የለውም እያሉ ያስፈሩኛል። ስለዚህ የተማራችሁትንና የምትሠሩትን እጠይቃለሁ። በእርግጥ የሚያስተምሩት ምንድን ነው? የተግባር ትምህርት አለ? ስትመረቁ ምን ሠራችሁ? ለሴት ልጅስ ሥራው እንዴት ነው?


መረሬ

እህቴ፣ የዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ልማት ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ከጥያቄዎችሽ መጀመሪያ የምመልሰው ስለ ትምህርቱ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚንቀው እሱን ስለሆነ።

እርሻ መማር ማለት አባትሽ የሚያውቀውን መልሶ መማር የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ኮርሶች ስለ ዕፅዋት አካል፣ ስለ ሥነ ዘር፣ ስለ አፈርና ስለ አየር ንብረት ናቸው። ቀጥሎ እህል፣ ጥራጥሬ፣ የቅባት እህል፣ ሥራ ሥርና እንሰት፣ ቡናና ሻይ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እያልሽ በየሰብሉ ትሄጃለሽ። ከዚያ የሰብል በሽታ፣ ነፍሳት ተባይ፣ አረም፣ ዝርያ ማሻሻል፣ የዘር ብዜት፣ መስኖ፣ ድኅረ ምርት አያያዝ ይመጣሉ። ብዙ ተማሪ የሚሸሸው የመስክ ሙከራ አሠራርና ስታቲስቲክስ የሚባለውን ነው። አንቺ አትሽሺው፤ በኋላ ከሌላው ሰው የሚለይሽ እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ለአንድ ሰብል በሔክታር 64 ኪሎ ናይትሮጅን ይፈለጋል እንበል። ገበሬው በእጁ ያለው 100 ኪሎ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ እና ዩሪያ ነው። ኤንፒኤስ ከመቶው 19 ናይትሮጅን ስለሆነ 19 ኪሎ ከዚያ ተገኘ። የቀረው 45 ኪሎ ከዩሪያ ይመጣል። ዩሪያ ከመቶው 46 ናይትሮጅን ስለሆነ 45 ለ0.46 ሲካፈል ወደ 98 ኪሎ ይሆናል። አሁን ገበሬው «የእኔ መሬት አንድ ጥማድ ናት» ይልሻል። ጥማዷ ሩብ ሔክታር ከሆነች 24 ኪሎ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ይህንን በቃልሽ ማሳው ዳር ቆመሽ ካልሠራሽው፣ ገበሬው ሙሉ ከረጢቱን አንዴ ይበትነውና ግማሹ በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል። ማዳበሪያ ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ የምታውቂው ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ስሌት የልጅ ልብስና የትምህርት ቤት ወጪ ነው።

የዕፅዋት ሳይንስን ምረጪ። በሙሉ ልቤ ነው የምልሽ።


ተመራቂ_ዘንድሮ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የምጽፈው የተለየ ነው። በዚሁ ትምህርት ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። እስካሁን በሙያዬ ሥራ አላገኘሁም።

የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም። የማሳያ ማሳ ነበረው፤ አጥሩ ተሠርቷል፤ ሰሌዳው ተተክሏል። እኛ ግን ያየነው ከአጥሩ ውጭ ሆነን ነው። ትራክተር የማሽከርከር ልምምድ በመርሐ ግብሩ ላይ ነበረ፤ ትራክተሩ መለዋወጫ ተገኝቶለት አልተነሳም። የሰብል በሽታን ከስላይድ ላይ ተማርን። ዋግ የሚባለው በሽታ የነካው የስንዴ ቅጠል በእጄ የያዝኩት ከተመረቅሁ በኋላ አጎቴ ማሳ ላይ ነው።

ወረዳ የሚወጣው ማስታወቂያ አንድ ቦታ ሆኖ የሚመዘገበው ሰው ብዛት ያስደነግጣል። ልማት ጣቢያ ላይ በዲፕሎማ የተመረቁት ቀድመው ተቀጥረዋል። እህቴ፣ ፍቅርሽን አልነካብሽም። ነገር ግን እናትሽ የምትለው ከባዶ ተነስታ አይደለም። ቢቻልሽ ኢኮኖሚክሱን ምረጪ፤ ባንክም ቢሆን፣ ብድርና ቁጠባም ቢሆን በር አለው።


መረሬ

ወንድሜ ተመራቂ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። እኔም ያለፍኩበት ነው፤ የማሳውን አጥር የማያውቅ የለም። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ችግሩ ያለው ትምህርቱ ላይ ሳይሆን የትምህርት ዘመኑ ከሰብሉ ጋር የማይገናኝ መሆኑ ላይ ነው። አስቡት፦ መኸር የሚዘራው ከሰኔ እስከ ሐምሌ ነው። ማረም፣ መኮትኮት፣ የበሽታና የተባይ ክትትል፣ ማበብ ሁሉ ክረምት ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚዘጋው መቼ ነው? ክረምት። ተማሪው ጥቅምት ላይ ሲመለስ የሚያገኘው እሸትና ነዶ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰብል እየተማረ ሰብል ሲበቅል ሳያይ ሊመረቅ ይችላል።

በመስኖ የሚሠሩ ኮሌጆች ይህንን ያቃልሉታል። ካልሆነ ግን ክረምቱን ተማሪው ራሱ መያዝ አለበት። ጥቅምት አበባ፣ አንቺ ደግሞ ክረምቱን የምታሳልፊው የጤፍ አገር ላይ ነው። ይህ ዕድል አዲስ አበባ ያደገ ተማሪ የለውም።


የጽጌረዳ_ቤት

ባቱ አካባቢ አበባ እርሻ ውስጥ እሠራለሁ። የተማርኩት ሆርቲካልቸር ነው፤ ከዕፅዋት ሳይንስ የተመረቁም አብረውኝ አሉ። ሥራ የለም ለሚለው፣ ቀጣሪ የሚፈልገውን ልንገራችሁ።

ስቀጠር ዲግሪዬን ያየው ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ አላየውም። ወደ ግሪን ሃውስ አስገቡኝና አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። የጽጌረዳ ቅጠል ገልብጬ ቀይ ሸረሪት እንድፈልግ ተጠየቅሁ። ተባዩ ከቅጠሉ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ከላይ የሚታየው ጥቃቅን የገረጣ ነጠብጣብ ብቻ ነው። እንቁላሉን፣ ጫጩቱንና ትልቁን ለይቼ ቆጠርኩ። ከዚያም «ከዚህ መደብ ስንት ቅጠል ብታዪ ይበቃሻል?» ተባልኩ። ይህ የናሙና አወሳሰድ ጥያቄ ነው፤ መረሬ አትሽሺው ያለሽ ስታቲስቲክስ ማለት ነው። አንድ ሰው የቆጠረው ቁጥር ተሳስቶ ኬሚካል ቢረጭ ገንዘብ ይባክናል፤ ተባዩም መድኃኒቱን ይላመደዋል፤ ረጪውም ሠራተኛ ያለ ምክንያት ይጋለጣል።

ሥራው ቀላል አይደለም፤ ግሪን ሃውስ ውስጥ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ደመወዙም ሲጀመር አነስተኛ ነው። ግን ክህሎቱ ይዞሽ ይሄዳል። ከእኛ ጋር የጀመሩ ዛሬ የማዳበሪያ ውህድ ከጠብታ መስኖ ጋር የሚያስተዳድሩ፣ የራሳቸውን ችግኝ ጣቢያ የከፈቱም አሉ።

ሆርቲካልቸርንም በደንብ አስቢበት እላለሁ። አትክልትና አበባ ላይ የግል ቀጣሪ ይበዛል።


ጥቅምት_አበባ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተመራቂ ዘንድሮ፣ የደረሰብህ ነገር አሳዝኖኛል፤ ደፍረህ ስለጻፍከውም አከብርሃለሁ። መረሬ፣ ስለ ክረምቱ ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እስከ ዛሬ ክረምት ለእኔ ለአረም የምጠራበት ጊዜ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ግን ገና አልገባኝም። ተመርቄ አባቴ የማያውቀውን ምን እነግረዋለሁ? እሱ ሠላሳ ዓመት አርሷል።


ቀንበርና_ሞፈር

ልጄ ጥቅምት አበባ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ዓለማያ የተማርኩት በደርግ ዘመን ነው። ለጥያቄሽ መልስ የሚሆን ትንሽ ታሪክ ልንገርሽ።

ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ትብብር ነው የተመሠረተው። ሥራው ጅማ ላይ ተጀምሮ ኋላ ወደ ዓለማያ ሄደ። አመሠራረቱ ሦስት ነገር አንድ ላይ የያዘ ነበር፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውን ለገበሬ ማድረስ። ደብረ ዘይት ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከልም መጀመሪያ በዚያው ኮሌጅ ሥር ነበር። መምህሩ ጠዋት የሚያስተምረውን ከሰዓት ማሳው ላይ ይሠራዋል፤ ተማሪውም ይከተለዋል።

ከዚያ ግቢ በ1973 እ.ኤ.አ. ከተመረቁት አንዱ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። ወሎንኮሚ ከገበሬ ቤት የተወለዱ ናቸው። አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም ታውቂዋለሽ? በእጅ ብትነቅዪው ጉዳቱን ከመሬት በታች ጨርሶ ነው የምታገኚው። እሳቸው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

አሁን ወደ አባትሽ። አባትሽ መሬቱን ያውቃል፤ መቼ እንደሚዘራ፣ የትኛው ጥግ ውኃ እንደሚያቁር፣ የትኛው በሬ እንደሚለግም ያውቃል። አንቺ ይህንን ልታስተምሪው አትችዪም፤ አትሞክሪውም። ሽምብራውን ቀጥ አድርጎ ያደረቀው ግን ምናልባት አፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ ነው። ይህ ሻጋታ ሽምብራ ባይዘራም ለዓመታት አፈር ውስጥ ይቆያል። በዓይን አይታይም። የደረቀውን ግንድ ሰንጥቀሽ ውስጡ ጠቁሮ እንደሆነ ማየት፣ ናሙና ወስደሽ ማስመርመር፣ ያ ማሳ ላይ የሚቋቋም ዝርያ ካልተገኘ ሽምብራን ለጊዜው አለመዝራት እንደሚሻል መንገር የምትችዪው አንቺ ነሽ። የአባትሽ ሠላሳ ዓመት ዋጋ የሚያገኘው አንቺ ያንን ስትጨምሪበት ነው።

ስለ እናትሽ ደግሞ፣ አትከራከሪያት። እሷ ያለችው ድካሙን አይታ ነው።


ጥቅምት_አበባ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግንዱን ሰንጥቆ ማየት የሚለውን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። «ውስጡ ጠቁሮ ነበር» አለኝ። ያን ጊዜ አይቶት ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቀም። እርስዎ ከጻፉት በኋላ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ።


ዋግ_ተከታታይ

በስንዴ ምርምር ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ጋሼ ከጻፉት ላይ ልጨምር።

በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ አገራችንን መታ። ኩብሳና ገላማ የሚባሉት ዝርያዎች ብዙ ማሳ ይሸፍኑ ነበር፤ በሽታውን መቋቋም አቃታቸው። ቅጠሉን በጣትሽ ብታሺው ቢጫ ዱቄት ጣትሽ ላይ ይቀራል፤ ዱቄቱ በቅጠሉ ጅማት ተሰልፎ ነው የሚወጣው፤ እያንዳንዱ ብናኝ በነፋስ ሄዶ ሌላ ማሳ ይይዛል። ከዚያ ብዙ ገበሬ ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግንድ ዋግ መጥቶ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን ጣለው። አንድ ጥሩ ዝርያ አግኝቶ አገር ሁሉ እሱን መዝራት አደጋ መሆኑን ያየነው በዓይናችን ነው።

ይህ ሥራ መቼም አያልቅም። በሽታው ይለወጣል፤ ዝርያው መለወጥ አለበት። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎ ላይ ሲደርስ ተባዩን ከነባሩ ግንደ ቆርቁር ለይተው የሚያውቁ ሰዎች በየቀበሌው ያስፈልጉ ነበር። የሰው ኃይል የለም ከሚለው ይልቅ የሠለጠነ ዓይን የለም ብል ይቀለኛል። ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ሞልቶ ሳለ እንዲህ ማለቴ ተመራቂ ዘንድሮን እንዳያስከፋው እለምናለሁ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ዋግ በእጁ ሳይነካ ያስመረቀው ወገን ነው ሊጠየቅ የሚገባው።

ዩኒቨርሲቲ ለመምረጥ ለሚያነቡ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ስሙን ብቻ አትዩ፤ አጠገቡ ያለውን የምርምር ማዕከል እዩ። ቁሉምሳ ስንዴ ላይ ነው፤ ባኮ በቆሎ፤ ሆለታ ገብስና ድንች፤ መልካሳ አትክልት፣ ፍራፍሬና ቦሎቄ፤ ወረር ጥጥና የመስኖ እርሻ፤ ጅማ መልኮ ቡና፤ ደብረ ዘይት ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር። ምንጃር ላደገች ልጅ ደብረ ዘይት ከሁሉም ይቀርባታል።


ጎተራ_ጠባቂ

የእንስሳት ሳይንስን ማንም ሳያነሳ ውይይቱ ሊያልፍ ስለሆነ አንድ ቃል ልበል። ቢሾፍቱ አካባቢ ያለውን የዶሮ እርባታ ብቻ ተመልከቱ። የመኖ አዘገጃጀት የሚያውቅ ሰው ሥራ አያጣም። ከዚህ በላይ አልከራከርም፤ ልጅቷ ልቧ ሽምብራው ላይ ነው።


ዓለም_ቀበሌ

ጥቅምት አበባ፣ ለሴት ልጅ ሥራው እንዴት ነው ላልሽው የምመልስልሽ እኔ ነኝ። በጎጃም አንድ ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። በዲፕሎማ ጀምሬ ሥራ ላይ እያለሁ ዲግሪዬን በክረምት መርሐ ግብር ጨርሻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው። መኖሪያ ቤቱ የተዳከመ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ በክረምት ጭቃ ነው፤ ስብሰባ ላይ ወንዶቹ መጀመሪያ የሚያዩት ቦት ጫማ ያደረገውን ወንድ ባልደረባሽን ነው። ከሥራችን ውጭ የሆኑ ብዙ ነገሮችም ይጫኑብናል፤ መዋጮ መሰብሰብና ሰው ለስብሰባ መጥራት የእኛ ሥራ ሆኖ የገበሬውን እምነት የሚያሳጣን ጊዜ አለ። ይህንን ለዓመታት ተናግረናል፤ አሁንም እናገራለሁ።

ግን ሴቶቹ ገበሬዎች ለወንድ ባለሙያ የማይነግሩትን ይነግሩሻል። ዘር የምታስቀምጠው፣ ጎተራውን የምታየው፣ ነቀዝ መግባቱን ቀድማ የምታውቀው እናት ናት። አንዲት ባለትዳር ያስቀመጠችው የስንዴ ዘር እንደማይበቅል ጠርጥራ ወደ እኔ መጣች። መቶ ፍሬ ቆጥረን እርጥብ ጨርቅ ላይ ዘርግተን ጠቀለልነው። ጨርቁን ከሳምንት በኋላ ስንፈታው ከግማሽ በታች ነበር የበቀለው። ባሏ ዘሩን ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት ሌላ ዘር ፈለገ። ለዚያ የጠየቀን ወጪ አንድ ጨርቅና ውኃ ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ ሌላው ትልቅ ጉዳይ የአፈር መኮምጠጥ ነው። ለብዙ ዓመት የታረሰና ዝናብ የበዛበት መሬት ኮምጥጦ ማዳበሪያ ብትጨምሪበትም አይመልስም፤ ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ ተይዞ ለተክሉ አይደርስም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ግን በብዙ ኩንታል የሚበተን ከባድ ነገር ነው፤ ከፋብሪካው እስከ ማሳው ማድረስ ራሱ ፈተና ነው። አዊ ውስጥ ብዙ ገበሬ እህሉን ትቶ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ የተከለው ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ስለ አፈር ተማሪ፣ እህቴ። ሰብሉን የምትረጂው አፈሩን ስትረጂ ነው።

ለሴት ልጅ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ይሆናል። እንዲያውም እኛ ካልገባንበት ግማሹ ገበሬ ባለሙያ አላገኘም ማለት ነው።


ተመራቂ_ዘንድሮ

ዓለም ቀበሌ፣ የጻፍሽውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። የዘር ብቅለት ፍተሻ ተምሬያለሁ፤ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። አንድም ሰው ጨርቅና ስንዴ ሰጥቶ ሥራው አላለኝም። የሚያናድደኝ ገንዘብ ስለሌለ አለመሆኑ ነው። መቶ ፍሬ ስንዴ ስንት ያወጣል? መምህር ሆኖ ያንን ለተማሪ አለማሳየት ምን ይባላል?

ለማንኛውም የአጎቴ ማሳ ላይ ዘንድሮ በመስኖ ቲማቲም አለ። ቅጠሉ እየተጠቀለለ ነው። የጽጌረዳ ቤት፣ ስለ ተባዩ ብጠይቅሽ ፈቃደኛ ነሽ?


የጽጌረዳ_ቤት

በደስታ። ቅጠሉን ገልብጠህ ነጭ ዝንብ እንዳለበት እይ፤ ተክሉን በእጅህ ስትነካ ብን ብለው የሚነሱ ጥቃቅን ነጭ ነፍሳት ናቸው። ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ዳሩ ቢጫ ከሆነና ተክሉ ከቀጨጨ ዝንቡ ያመጣው ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱን መድኃኒት አይፈውሰውም፤ ለታመመው ብለህ ገንዘብ አታውጣ። የታመመውን ነቅለህ ከማሳው አርቅ፤ የሚቀጥለውን ችግኝ በመረብ ውስጥ አፍላ። ቅጠሉ ተጠቅልሎ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ከቀጠለ የሙቀትና የውኃ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል መስኖውን አስተካክል። ፎቶ ብትልክልኝ አብረን እናየዋለን።

ይህንንም ልጨምር፤ እርሻችን ሰው የሚፈልግበት ጊዜ አለ። ማስታወቂያ ሲወጣ እዚሁ እጽፋለሁ። ስትመጣ የአጎትህን ቲማቲም ታሪክ ንገራቸው፤ ከወረቀቱ ይልቅ እሱን ይሰሙታል።


መረሬ

ስለ ገንዘብም ትንሽ እንነጋገር፤ ጥቅምት አበባ አልጠየቀችም፣ ማወቅ ግን አለባት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትማሪ የወጪ መጋራት ውል ትፈርሚያለሽ። ከተመረቅሽ በኋላ ከደመወዝሽ እየተቆረጠ የሚከፈል ነው። ስትፈርሚ በየዓመቱ የተጻፈውን መጠን አንብቢ፤ ቅጂውን አስቀምጪ። ማስረጃ ለማውጣት ስትሄጂ የሚፈለግ ሰነድ ነው።

የመውጫ ፈተናው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ላይ ተፈጻሚ ነው። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ለመጨረሻው ሴሚስተር አታቆዪው። በየኮርሱ ማብቂያ የራስሽን ማስታወሻ አዘጋጂ፤ ከዓመታት በኋላ የሥነ ዘር ኮርስን ከባዶ መጀመር ከባድ ነው።


ሁለት_ጥማድ

እኔ ደግሞ ተመርቄ የራሴን ሥራ የጀመርኩ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በመስኖ ሽንኩርት አለማን። የተማርኩት ምርቱን ጥሩ አደረገው፤ ገበያውን ግን አላስተማረኝም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስላወጣ ዋጋው ወረደ፤ ሽንኩርት ደግሞ አይቆይልሽም። ሁለተኛ ጊዜ መዝሪያውን አዘዋወርን፤ ገዢ ሳናነጋግር መሬት አልከፈትንም። አሁን ከሽንኩርቱ ይልቅ ችግኝ አፍልተን ለገበሬ መሸጡ የተሻለ ገቢ ይሰጠናል።

የዕፅዋት ሳይንስ ብትመርጪም ከኢኮኖሚክስ ክፍል የግብይት ኮርስ አትቅሪ። ተመራቂ ኢኮኖሚክስ ያለሽ ለዚህ ከሆነ ልክ ነው።


ጥቅምት_አበባ

ትናንት ለእናቴ ዓለም ቀበሌ የጻፈችውን፣ የዘሩን ነገር፣ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «እኛስ ያን ዓመት በዘር አይደል የተጎዳነው» አለች። ከዚያ ሌላ ምንም አላለችም፤ እኔም አልገፋኋትም።

ምርጫዬን ሞልቻለሁ። አንደኛ የዕፅዋት ሳይንስ፣ ሁለተኛ ሆርቲካልቸር። በሚመጣው ክረምት አባቴ ከማሳው አንድ ጥግ ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል። መረሬ ያስተማረኝን ስሌት ጤፍ ላይ መሞከር እፈልጋለሁ። ሌላው ምኞቴ ደብረ ዘይት ሄጄ ሥራውን ማየት ነው። ለአንድ ተማሪ ይፈቀድላታል? ምንስ ልትማር ትችላለች? ዋግ ተከታታይ፣ እባክህን።


ዋግ_ተከታታይ

የጤፍ ማሳሽ ላይ ሙከራ ስትሠሪ አንድ መደብ ማዳበሪያ ሳትጨምሪበት ተዪ፤ ማነጻጸሪያሽ እሱ ነው። እያንዳንዱን አሠራር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ በየቦታው አስቀምጪው። የማሳው አንድ ጎን ከሌላው ይለማልና አንድ መደብ ብቻ ብታዪ ማዳበሪያው ይሁን መሬቱ ለይተሽ አታውቂም። የመደቡ ስፋት 6 ካሬ ሜትር ከሆነ በሔክታር 100 ኪሎ ማለት ለመደቡ 60 ግራም ነው። ግራም የሚለካ ሚዛን ከኮሌጅ ተዋሽ።

ስለ ደብረ ዘይት፦ ጤፍ ማዳቀል ከምታዪው ሁሉ የረቀቀ ሥራ ነው። የጤፍ አበባ በጣም ጥቃቅን ስለሆነ ወንዴውን ከሴቴው የሚለዩት በማይክሮስኮፕ ሥር ነው። ለረጅም ጊዜ ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። አበባው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካወቁ በኋላ ነው ማዳቀሉ የተጀመረው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁንጮም ምርታማውን ዱከምን ከነጩ ማኛ ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው። አባትሽ ሳይዘራው አይቀርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፊ። ደብዳቤው ላይ ለምን ሥራ እንደምትሄጂና ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደምትቆዪ በግልጽ ይስፈር፤ እሱ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ጤፍ የሚያብበው ወደ ክረምቱ መጨረሻ ስለሆነ ጥያቄውን ሐምሌ ሳይገባ አስገቢ። የመኝታና የምግብ ወጪ በራስሽ እንደሚሆን ገምተሽ ከአባትሽ ጋር ተነጋገሪ። የጤፍ ዝርያ ማሻሻያ ክፍል የሚል አድራሻ ጻፊበት፤ ወደ ጠቅላላ ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ከተላከ ይዘገያል።


ተመራቂ_ዘንድሮ

ዋግ ተከታታይ፣ የተመረቀ ሰውም በበጎ ፈቃድ ለዚያው ጊዜ ማመልከት ይችላል? ደብዳቤውንስ ከየት ያመጣል?


ዋግ_ተከታታይ

ማመልከት ትችላለህ። ከቀድሞው ትምህርት ክፍልህ ድጋፍ ጠይቅ፤ እምቢ ካሉህ የቀበሌህን መታወቂያና የዲግሪህን ቅጂ አያይዘህ በራስህ ስም ጻፍ። በውስጥ መስመር መልእክት ላክልኝና ማመልከቻውን አብረን እናዘጋጀዋለን።